የባለቤቴን ኪኒን ስቆጥር የራሴን ለረሳሁት ለእኔ ለደረሳችሁልኝ ሁሉ

ሃርት አታክ ካጋጠመኝ ዛሬ ልክ 11 ወር ሆነኝ። ከሁሉ በፊት ፈጣሪዬ ይመስገን። ቀጥሎ እናንተን በአደባባይ ላመስግናችሁ። ስማችሁን አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

በዚያች ሌሊት የተዘጋውን የልቤን የደም ሥር ከፍታችሁ ስቴንት (የደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ያስገባችሁልኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ውለታችሁን ከፍዬ አልጨርሰውም። በእናንተ እጅ ተርፌያለሁ። ይበልጥ ማውራት የምፈልገው ግን ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ሁለተኛው አደጋ የመጣው ቤቴ ገብቼ፣ ሁሉም “ተረፈች” ብሎ እፎይ ካለ በኋላ ነበር።

ባለቤቴ ከእኔ አምስት ዓመት ቀድሞ ይኸው ሕመም አጋጥሞታል። ያኔ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። አስፒሪኑ፣ የኮሌስትሮሉ፣ የግፊቱ፣ ሁሉም በየሰዓቱ እጁ ላይ ይደርሳል። አንድም ቀጠሮ አላለፈውም። ሲጋራውን እስኪተው ድረስ ዕረፍት አልሰጠሁትም። ወደ ልብ ማገገሚያ ፕሮግራም የሚሄድበትን ጠዋት ማንም እንዲነካበት አልፈቅድም ነበር።

የእኔ ተራ ሲደርስ ያው ቤት፣ ያው መድኃኒት። ጠባቂ ግን የለም። ባለቤቴ ሳይወደኝ ቀርቶ አይደለም። በጣም ይወደኛል። የቤቱን መድኃኒት ሁልጊዜ የማስታውሰው እኔ ስለነበርኩ፣ የራሴንማ አልረሳም ብሎ አሰበ። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ወደ ቤቱ ሥራ ተመለስኩ። የማገገሚያው ቀጠሮ ሲደርስ የልጅ ልጆቼን የሚይዝልኝ የለም ብዬ ቀረሁ። ሁለተኛውንም ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ለምን ቀረሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ልጄ፣ ያን ሐሙስ ማታ አልረሳውም። ሁለቱን የኪኒን ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥሻቸው። ሰባት ሰባት ክፍል ያላቸው፣ አንድ ዓይነት ሳጥኖች። የአባትሽ እስከ ሐሙስ ድረስ ባዶ ነው። የእኔ ማክሰኞ ሙሉ፣ ረቡዕ ሙሉ፣ ሐሙስ ሙሉ። አንድ ቃል አልተናገርሽም። ብትቆጪኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ዝም ስትይ ግን የምለው ጠፋኝ። በማግስቱ ለሐኪም ቤቱ የደወልሽው አንቺ ነሽ።

ሲስተር፣ አንቺን ደግሞ በምን ቃል ላመስግንሽ? መልሰሽ ደውለሽ “ለምን አልወሰዱም?” አልሽኝ። ያቺ “ለምን” የምርሽን የተጠየቀች ነበረች። ሌሎች ሁሉ “ይውሰዱ” ብቻ ነበር የሚሉኝ። እኔም የደበቅኩትን ዘረገፍኩልሽ። ሌሊት የማያስተኛ ደረቅ ሳል አለ። ጡንቻዬን ያመኛል። ኪኒኑ ነው ብዬ ጠርጥሬ በራሴ ጊዜ መዝለል ጀመርኩ፤ ሲሻለኝ ጊዜ ሁሉንም ተውኩት።

አንቺም ነገሩን ከፋፍለሽ አስረዳሽኝ። ሳሉን የሚያመጣው እነ ኢናላፕሪል ያሉበት የግፊት መድኃኒት ወገን ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይበልጥ ያስቸግራል። እንደዚያ የማያስል ተለዋጭ መድኃኒትም አለ። የኮሌስትሮሉ ኪኒን ጡንቻ ካሳመመ መጠኑም ዓይነቱም ይቀየራል። የደም ማቅጠኛዎቹ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ስቴንት ለደም ባዕድ ነው፤ ደም ሊረጋበት ይችላል። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቀድሞ ማቆም ስቴንቱን በድንገት ሊዘጋው ይችላል። ይህን ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያለኝ ምርጫ ወይ ችሎ መዋጥ ወይ መተው ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዚያው ሳምንት የግፊቱና የኮሌስትሮሉ መድኃኒቶች ተቀየሩልኝ፤ ሳሉም ቀስ እያለ ጠፋ።

ለሐኪሜም ምስጋናዬ ይድረስ። አፍሬ ስገባ አልወቀሰኝም። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ነገረኝ። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሴቶች ወደ ልብ ማገገሚያ እምብዛም እንደማይላኩ፣ ከተላኩትም ብዙዎቹ እንደማይጨርሱ ያሳያሉ። የኮሌስትሮል መድኃኒትም ቢሆን ከወንዶቹ ባነሰ ሁኔታ ነው የሚታዘዝላቸው። በርናዲን ሂሊ የተባለች አሜሪካዊት የልብ ሐኪም በ1991 እ.ኤ.አ. ሴት ሕመሟ የወንድ ሕመም ካልመሰለ እኩል ሕክምና እንደማታገኝ ጽፋ ነበር። እና ዛሬም እዚያው ነን? ሴቷ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ገፍታ ነው የምትታመመው፤ ሌላም በሽታ ይኖርባታል፤ ቤቱም እሷን ይጠብቃል። ወንዶችም መድኃኒት ያቋርጣሉ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ለባለቤቴ እኔ ነበርኩለት። ለእኔስ ማን ነበር?

ማገገሚያው አዳራሽ መጀመሪያ ስገባ ወንዶች ሞልተውበት፣ ከእኔ ሌላ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እትዬ፣ እርስዎ ነዎት። አጠገብዎ አስቀመጡኝና “ሌሊት እየነቃሽ ደረትሽን ታዳምጫለሽ አይደል?” አሉኝ። እንዴት አወቁ? ለባለቤቴም ለልጄም ያልነገርኩትን! በዚያ ጊዜ ልቤ ብቻ አልነበረም የታመመው። ጭንቀቱ ነበር፣ ማልቀሱ ነበር፣ ከአልጋ ለመውረድ አለመፈለጉ ነበር። ከሃርት አታክ በኋላ ድብርት እንደሚመጣ፣ ሴቶችን ደግሞ ይበልጥ እንደሚያጠቃ፣ ሰውን መድኃኒቱንም እንደሚያስተው የተማርኩት እዚያ ነው። ማገገሚያ ማለት ስፖርት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግፊቴን እየለኩ፣ መድኃኒቴን እየጠየቁ፣ ምን ያህል መራመድ እንደምችል እያሳዩ ፍርሃቴንም አስለቀቁኝ። እትዬ፣ በየቀጠሮው ጠዋት ደውለው “ወጣሽ?” ባይሉኝ ኖሮ አልጨርሰውም ነበር። የልጅ ልጆቼን በተራ የያዛችሁልኝ ጎረቤቶቼም አላችሁበት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የእኔ ባል፣ አንተስ? ከዚያ ሐሙስ በኋላ መነጽርህን አድርገህ የኪኒኖቼን ስም አንድ በአንድ አጠናህ። እሁድ ማታ ሁለቱን ሳጥኖች የምትሞላው አንተ ነህ። ከእኔ ትጀምራለህ። መጥፎው ኮሌስትሮሌ ከ55 በታች እንዲሆን ሐኪሙ ሲነግረን ቁጥሩን የጻፍከው አንተ ነህ፤ ባለፈው ወር 52 ሲወጣም ከእኔ ይልቅ የጮህከው አንተ ነህ።

በሚመጣው ወር ቀጠሮ አለኝ። ክሎፒዶግሬሉ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን ሐኪሙ ያን ዕለት ይወስናል። ባለቤቴ ቀኑን በትልቁ ጽፎ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎታል። አብሮኝ ይሄዳል።