ለእህትዓለም፣ ከሼፊልድ

እህትዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? እሺ፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ስደቢኝ፣ ከዚያ አንብቢው። የልጅሽን ክርስትና እንኳ በፌስቡክ ነው ያየሁት። ይቅር በይኝ። በቃ፣ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት (ይኼንንም ገምተሻል፣ አትሳቂ)።

ሼፊልድ ነኝ። የሳይኮሎጂ ምርምር ዘዴን ከዳታ ሳይንስ ጋር የሚያስተምር የአንድ ዓመት ማስተርስ ላይ። አዎ፣ እኔ! ስታትስቲክስ ሲነሳ ሆዴን የሚያመኝ ሴትዮ፣ አሁን ቀኑን ሙሉ አር (R) በሚባል የስታትስቲክስ ፕሮግራም ላይ ኮድ ስጽፍ እውላለሁ። አንድ ኮማ ረስቼ ግማሽ ቀን ሳለቅስ ብታዪኝ ደስ ይልሽ ነበር።

ስድስት ኪሎ እያለን ሰው ሁሉ ኮከቧ፣ ያቺ «ውጤቱ ጉልህ ነው» የምትለዋ ምልክት፣ እስክትወጣ የስታትስቲክስ ፕሮግራሙን ኤስፒኤስኤስን ሲነካካ እንደሚያመሽ ትዝ ይልሻል? እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞንስ፣ ኔልሰንና ሲሞንሶን የሚባሉ ሰዎች በዚህ ነገር ቀልደውበታል። ተማሪዎችን የቢትልስ ዘፈን አሰሟቸው፣ የትውልድ ቀናቸውንና የአባታቸውን ዕድሜ ጠየቁ፣ ከዚያ ቁጥሩን ሲያገላብጡ ዘፈኑን የሰሙት ሌላ ሙዚቃ ከሰሙት በዓመት ተኩል ገደማ ያነሱ ሆነው ወጡ። ወጣትነት ተሰማቸው አይደለም፣ በልደታቸው አነሱ! ዳታውን ካየሽ በኋላ የሚመችሽን ስሌት መምረጥ ከተፈቀደልሽ የማይወጣ ነገር የለም ለማለት ነው። ስለዚህ አሁን ቅድመ ምዝገባ የሚባል አለ፤ ምን እንደምትጠይቂ፣ ማንን እንደምታስወጪ፣ እንዴት እንደምታሰዪ ዳታ ሳይሰበሰብ ጽፈሽ ታስገቢያለሽ። ቀኑ ይመታበታል፣ በኋላ ዝም ብሎ መለወጥ የለም። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

ጥናቴ እንግሊዝ ስላለን ሐበሾች ድብርት ነው፣ በስልክ የሚሞላ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው 9፤ ያው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ የሚሰጠው የድብርት መለኪያ። ዳታ የምሰበስበው ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነው! አምስተኛዋን ጥያቄ አስቢያት፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ከልክ በላይ መብላት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ብትል 3 ነጥብ ነው። የሌሎቹ ጥያቄዎች ድምር 7 ከነበረ 10 ገባች፣ 10 ደግሞ ድብርት ሊኖር ይችላል ለማለት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መቁረጫ ነው። ለኪዳን በሌሊት የምትነሳዋስ የእንቅልፉን ጥያቄ ምን ብላ ትሞላዋለች?

ታዲያ ጥያቄዋን ላውጣት? «እየጾሙ ነው?» የሚል ልጨምርና ከነጥያቄዋም ያለ ጥያቄዋም ላስላ? አማካሪዬ የፈለግሽውን ምረጪ፣ ብቻ አሁን ምረጪ ትላለች። ለእሷ ቀላል ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ከልቧ አዝና ምግብ የተወች፣ ቤተሰብ ሲጠይቃት ግን «ጾም ላይ ነኝ» የምትል ሴት። እሷን ከጿሚዎቹ ጋር ደባልቄ ባወጣትስ? አንቺ ክሊኒክ ቁጭ ብለሽ የምታያቸው ሰዎች ናቸው። እኔ የማየው ረድፍና ዓምድ ነው።

ጾም ላይ ያለ ሰው ስለ ምግብ ስትጠይቂው ምን ይልሻል? ልዩነቱን በምን ታውቂያለሽ? የማንንም ታሪክ አልፈልግም፣ ልምድሽን ብቻ። ዓርብ ነው የማስገባው። ቴሌግራም ላይ ቮይስ ላኪልኝ፤ እንደ ድሮሽ ሃያ ደቂቃ ብታወሪም እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።

እና... ያኛውን ነገር ሰምቻለሁ። እንዴት እንደምጠይቅሽ ግን አላውቅም። ስትደውዪ አንቺው ታነሺዋለሽ፣ ካላነሳሽውም ዝም እላለሁ።