የድሬንና የሐረርን ሰዎች አስነብቡን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ድምፃዊው አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ሐዘኑ የድሬዳዋ ብቻ አልነበረም። በልጅነቱ አፍረን ቀሎ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን የተቀላቀለው የድሬ ልጅ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ ዘፍኗል። ከከዚራ ሰፈር እስከ መጋላ ሰፈር ሁሉም የኔ ነው ይለዋል። የሰፈሬ ልጆች ግን ዘፈኑን እንጂ ሕይወቱን አያውቁም። ይሄ ያንገበግበኛል።

የሐረሩን አቶ አብዱላሂ ሸሪፍንም አስቡ። የድሮ የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችንና የሙዚቃ ካሴቶችን በራሳቸው ጥረት እየለቀሙ ጀጎል ውስጥ ሙዚየም አቋቋሙ። የመጽሐፍ ጥረዛውን ጥበብ ሳይቀር ተምረው፣ የተበጣጠሰውን ገጽ በእጃቸው ጠገኑ። እንዲህ ያለ ሰው ስንት ገጽ ይገባው ነበር!

እባካችሁ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ታሪክ በሳምንት አንድ ዓምድ ስጡልን። ፎቶውንና ትዝታውን እኛ እናመጣለን።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ