ለእህት ዓለም፣ ከደብረ ብርሃን

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጠፋሁብሽ፤ ይቅር በይኝ፣ ስንገናኝ እንደልብሽ ትወቅሺኛለሽ። አሁን የመድኃኒት ነገር ስለሆነ ካንቺ ሌላ የማማክረው ሰው የለኝም። ፋርማሲ ስትማሪ የበላሽውን ሽሮዬን መቼም አትክጂም!

እማዬ እንቅርቷ ከወጣላት ወዲህ ካልሲየሟ ይወርዳል። ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት፣ ካልሲየምን የሚቆጣጠር ሆርሞን የሚያመነጩት አራት ትንንሽ ዕጢዎች ተጎድተዋል አሉን። ከንፈሯን ይነዝራታል። እንጀራ ስትጋግር ጣቶቿ ጭብጥ ብለው አልዘረጋ ይሏታል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ትውጣለች።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ስድስት ዓመት ሞላት። አኮንድሮፕላዥያ ነው ተባለ፤ ቁመት የሚያሳጥር የአጥንት ዕድገት ችግር ነው። ሰው "ከማን ወጣች?" ይላል፤ ያናድደኛል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ልጆች የሚወለዱት ቁመታቸው እንደማንኛውም ሰው ከሆነ ወላጆች ነው። አንድ ጂን ተለውጦ አጥንቱን "አትደግ" ይለዋል። የጣርማበርን ቁልቁለት ጨርሶ ሜዳ ላይ ፍሬኑ እንዳልተለቀቀ መኪና በይው።

ለሁለቱም መድኃኒት መኖሩን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለእማዬ ዓይነቱ ዮርቪፓዝ፣ ለልጅቷ ቮክስዞጎ። ሁለቱም ፔፕታይድ፣ ማለትም እንደ ትንሽ ፕሮቲን ያሉ ናቸው፤ ቢዋጡ ሆድ ይፈጫቸዋል፣ ስለዚህ በየቀኑ ከቆዳ ሥር ይወጋሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የጎደለውን ሆርሞን ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ ይተካል። አሜሪካ በ2024 የፈቀደችው ለአዋቂ ነው። ቮክስዞጎ በ2021 የተፈቀደ ሲሆን ያንን ፍሬን ያላላል። በጥናቱ የወሰዱት ልጆች ካልወሰዱት ይልቅ በዓመት 1.57 ሴንቲ ሜትር ገደማ አብልጠው አደጉ። የደም ግፊት ሊያወርድ ስለሚችል ልጅቷ ሳትበላና ሳትጠጣ አትወጋም።

ሆዴን የሚበላኝ ይሄ ነው፦ የእማዬ ቆይቶ ቢመጣም ይሠራል። የልጅቷ ግን የአጥንቷ ማደጊያ ከተዘጋ በኋላ ቢመጣ ምንም አይፈይድላትም። እማዬ "እኔ ኪኒኔን እውጣለሁ፤ ለልጅቷ ፈልጉ" ትላለች። ይህን የምትለኝ ጣቶቿን እያሸች ነው። እኔ... እንዴት ልበልሽ፣ ልክ ናት ማለት ከበደኝ። ግን ልክ ናት።

ልጅቷን ደግሞ ብታያት! ሰፈሩን በሩጫ ታምሰዋለች፤ ቁመቷ ደንታም አልሰጣት። አፏን ሞልታ "መርፌ አልፈልግም" ካለችኝ ምን እላታለሁ? እሱንም ንገሪኝ።

እስኪ አዲስ አበባ ውስጥ የልጆችን ሆርሞን የሚያይ ጥሩ ሐኪም ጠይቂልኝ። መድኃኒቱ በምን መንገድ እንደሚገባ፣ ስንት እንደሚያወጣም አጣሪልኝ። ቀጠሮ ከተገኘ ከፋሲካ በፊት ይዣት እመጣለሁ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ ማታ ደውዪ።

የአንቺው