ጥበብ ቀሚሱን አልሰፋልሽም

ሚሚዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቮይስ ልልክልሽ ነበር። ግን ባለፈው ተናድጄ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁት በጽሑፍ ይሻላል አልኩ። መብራትም ሄዷል። ኦቨርሎክ ስፌት ማሽኑ ቆሟል፣ ጊዜ አለኝ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዳንስ ለፈተና መርጫለሁ ያልሽኝ ሰሞን ለጎረቤት ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ቡና ላይ "ሚሚ እዚያ እንግሊዝ አገር ምን ምን ትማራለች?" አሉኝ። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ባዮሎጂ ብዬ ቆጠርኩ። ዳንሱ ጋ ስደርስ "የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ" አልኳቸው። "እሱማ ለዶክተርነት ይጠቅማታል" አሉ። ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

አያትሽ በሕይወት ብትኖር "አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የበላሁት የተወዛዋዥ እንጀራ ነው። የባህል ምሽት ቤቶች ልብሳቸውን የሚያሰፉት እኔ ጋ ነው። ያንቺ የትምህርት ቤት ክፍያም ከዚያው ነበር የሚወጣው። ታዲያ የራሴ ልጅ ስትጨፍር ምን አሳፈረኝ? እንጃ።

ፈተና የሚለው ነገርም አልገባኝም ነበር። እዚህ ክወናና እይታ ጥበባት እስከ 8ኛ ክፍል አለ። ትዝ ይልሽ የለ፣ መምህራችሁ ከበሮ ስላልነበረ ጠረጴዛ እየመታ እስክስታ ያስጨፍራችሁ ነበር። ማትሪክ ላይ ግን እስክስታ አይመጣም። ስለዚህ ጂሲኤስኢ ዳንስ፣ ያ የእንግሊዞቹ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና፣ ስትይኝ ማረፊያ ክፍለ ጊዜ መሰለኝ። የላክሽልኝን ወረቀት አባትሽ ሲተረጉምልኝ ነው የደነገጥኩት። 60 ከመቶው በሰውነት፣ 40 ከመቶው በጽሑፍ። ከ60ው ግማሹ መጨፈር፣ ግማሹ ደግሞ ራስሽ ዳንስ መፍጠር። ብቻሽን የምትጨፍሪው ተደማምሮ 1 ደቂቃ ገደማ። ለ1 ደቂቃ ስንት ወር! ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል ቁጭ ብለሽ ስለ ራስሽ ዳንስና ስለ 6 የዳንስ ሥራዎች መጻፍ። እኔ ይሄን ፈተና አላልፈውም።

አንዷን ጥያቄ ግን አልፋለሁ። "እማ፣ ልብሱ ለዳንሱ ምን ጨመረለት የሚለው ላይ ማርክ እጥላለሁ" ብለሽኝ ነበር። እሱን ለኔ ተዪው።

የእስክስታ ልብስ የሚቀደደው ብብቱ ላይ ነው። ተወዛዋዧ ጎበዝ ከሆነች ሁለት ሳምንት አይቆይም። ትከሻ ወደ ላይ ሲነጠቅ ጨርቁን ከወገብ ጀምሮ ይጎትተዋል፣ ስፌቱ ይተረተራል። ስለዚህ እጅጌውን ከመግጠሜ በፊት ብብቱ ላይ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ባለ አራት ማዕዘን ትርፍ ጨርቅ አስገባለሁ። ከውጭ አትታይም። እጅ ሲነሳ ትከፈታለች፣ ሲወርድ ትታጠፋለች። የጉራጌ ሱሪ ደግሞ የሚሄደው መቀመጫው ላይ ነው፣ ጉልበት ወደ ደረት ስለሚመጣ። የወላይታ ወገቡ ላይ ነው። ሸጎዬ ልብስ አይቀድም፣ ዶቃ ነው የሚበጥሰው። ቀዳዳውን አሳዪኝና ማን ምን እንደጨፈረ እነግርሻለሁ።

አንድ ቤት አንዴ "ወገቡም ደረቱም ይጥበቅ፣ ለቱሪስት ያምራል" ብሎ አሰፋኝ። አይሆንም ብዬ ነበር፣ ገንዘቡ የነሱ ነው፣ ሰፋሁት። ማታ ሄጄ አየሁ። ልጆቹ ትከሻቸውን ማንሳት አቅቷቸው እጃቸውን እያወናጨፉ አመሹ። እስክስታው ጠፋ። ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ እኔ ግን ብብታቸውን ነው የማየው። በቃ የጥያቄሽ መልስ ይሄ ነው። ልብሱ ምን እንደሚያስችል፣ ምን እንደሚከለክል ጻፊ። ቀለሙን ሁሉም ይጽፈዋል።

ከ6ቱ ሥራዎች አንዱን፣ የክሪስቶፈር ብሩስን "ሻዶውስ"፣ በላክሽው ሊንክ ስልኬ ላይ አየሁት። አራት ሰው፣ አንድ ቤተሰብ፣ ጠረጴዛና አግዳሚ። የደበዘዘ፣ ብዙ የተለበሰ የቤት ልብስ። አንቺ ስለ እግራቸው ነው ያወራሽኝ። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይኔ መስቀያው ላይ ካለው ካፖርት አልተነቀለም። በር አጠገብ የተሰቀለ ካፖርት አንድ ቀን መለበሱ አይቀርም። መጨረሻ ላይ ሻንጣቸውን ሲያነሱ ስልኩን ደፋሁት። ቦሌ ድረስ የሸኘሁሽ እኔ ነኝ። ፈተናው ላይ ይሄን አትጻፊ፣ የመስቀያውን ግን ጻፊ።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ። የፈተና ቦርዱ ከሚያወጣው የርዕስ ዝርዝር አንዱን ይዘሽ ከሦስት ጓደኞችሽ ጋር ዳንስ እየሠራሽ ነው። ስለ ጄሪካን። ኮዬ ፈጬ፣ ሌሊት 9 ሰዓት፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እስከ 4ኛ ፎቅ መሸከም። መጀመሪያ "የኛን የውሃ ችግር ለፈረንጅ ልታሳዪ?" ያልኩሽ ለዚህ ነበር፣ ይቅርታ። ከዚያ የልምምዱን ቪዲዮ አየሁት። አንዱ ትከሻ ወርዶ፣ ሌላኛው እጅ እንደ ክንፍ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ አንገት ዘንበል ብሎ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ እጅ መቀየሩን እንኳ አልረሳሽም። ማን አስተማረሽ? ማንም። 20 ሊትሩ ነው ያስተማረሽ።

ሦስተኛዋ ልጅ ግን የያዘችው ባዶ ጄሪካን ነው። እውነት ነው፣ ሁላችሁም ምንም አልያዛችሁም፣ የሷ ግን ባዶ መሆኑ ይታወቃል። ትከሻዋ አልወረደም። የምር 20 ሊትር አሸክሚያት፣ አንዴ ደረጃ ትውጣበት። ከዚያ ትጨፍር።

እና ለዚህ ዳንስ ነው ከሽሮ ሜዳ ጥበብ ቀሚስ፣ ያውም አራት፣ የጠየቅሽኝ? "የኢትዮጵያ መሆኑ እንዲታወቅ" ብለሽ? ሚሚዬ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ጥበብ ለብሶ ውሃ የቀዳ ሰው አይተሻል? እኔ ምን ለብሼ ነበር የምወርደው? ያቺ አበባ አበባ ያላት የቤት ቀሚስ፣ ጫፏ ተሰብስቦ ወገብ ላይ የተሻጠ፣ ከላይ የአባትሽ አሮጌ ሹራብ። እሷን ነው የምሰፋልሽ። ጫፉን ስትሸጉጡት ጉልበታችሁ ይወጣል፣ ደረጃው ይታያል። ዳንሱ ሲያልቅ ደግሞ ጄሪካኑን አስቀምጣችሁ የቀሚሱን ጫፍ ትለቁታላችሁ። ቀሚሱ ሲወርድ ብቻ ድካሙ ይታያል። መምህርሽን ጠይቂያት፣ እሺ ካላለች ጥበቡን እሰፋለሁ። ግን እሺ ትላለች።

ለጎረቤቶቹም ትናንት እውነቱን ነገርኳቸው፣ ቪዲዮውንም አሳየኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ 2ኛ ፎቅ ያለችው "ጄሪካን መሸከም ማርክ ካለው እኛ ሁላችንም አልፈናል" ብላ አሳቀችን። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሳይንሱንስ ምን አደረስሽው ያለኝ ሰው የለም።

ልክ ላኪልኝ፣ የአራታችሁንም። በመጀመሪያ እጃችሁን አውርዳችሁ ከትከሻ እስከ ጉልበት ተለኩ። ከዚያ አንድ እጅ ወደ ላይ አንስታችሁ ከዚያችው ቦታ ድገሙት። እኔ የምፈልገው ልዩነቱን ነው። በኢንች ሳይሆን በሳንቲም ይሁን፣ ባለፈው አሳስተሽኛል። የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፣ ሻንጣዋ ላይ 2 ኪሎ ትሰጠኛለች፣ ከቀሚሶቹ የተረፈውን ቦታ በርበሬ እሞላዋለሁ።

እናትሽ