ያበጠ ባት አይታሽም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጤና አምዳችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። ስለ ስኳርና ስለ ግፊት ብዙ ብላችኋል። ስለ ደም መርጋት ግን እስካሁን አላየሁም፤ እስቲ እኔ ልጀምረው።

አጎቴ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ቡና አላቸው። አምና ግራ ባታቸው አበጠ። አንዱ ምች ነው፣ ሌላው ዝሆኔ ነው አለ። በጀልባ ባሕር ዳር እስኪመጡ ድረስ ወጌሻ ሦስት ቀን በቅቤ አሽቷቸዋል። እዚህ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው፤ ሐኪሙ ሱሪያቸውን ሰብስቦ እንኳ ሳያይ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘን። በማግስቱ ሌሊት ትንፋሽ አጠራቸው፣ በባጃጅ እየከነፍን ሌላ ቦታ ደረስን፣ አልትራሳውንድ ሲታይ ከጉልበት በላይ ያለው ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቷል፣ ቁራጩም ተነስቶ ሳንባ ገብቷል። ማሸት እኮ ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል!

ሐኪሟ እዚያ ላይ አላቆመችም። ቀበቷቸውን አየች። አጎቴ በሚስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስተውበታል፤ ከቤታችን ሰው ልብ ያለው የለም። «መቼ ነው እንዲህ የከሱት?» አለቻቸው። ኤንዶስኮፒ፣ ማለትም ጨጓራን በቀጭን ካሜራ ከውስጥ ማየት፣ ታዘዘ። የጨጓራ ካንሰር ተገኘ።

እግርና ጨጓራን ምን አገናኛቸው አልኳት። ካንሰር ደም የሚያረጋ ነገር ይለቃል አለችኝ፤ የቆሽት፣ የጨጓራ፣ የሳንባና የአንጎል ይብሳል፤ ኬሞቴራፒውና አልጋ ላይ መዋሉም ይጨምርበታል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም አርማን ትሩሶ እ.ኤ.አ. በ1865 ለተማሪዎቹ አስተምሮታል፤ የሚገርመው፣ በኋላ በራሱ ላይ የረጋ ደም ሲያይ ካንሰር እንዳለበት ወዲያው ገባው፣ በ1867 በጨጓራ ካንሰር ሞተ።

እግሩ ያበጠ ሁሉ ካንሰር አለበት አልወጣኝም። ቀዶ ሕክምና፣ ስብራት ወይም ወሊድ ሳይኖር ደም ከረጋባቸው 20 ሰዎች፣ በዓመት ውስጥ ካንሰር የሚገኝበት አንድ ቢሆን ነው። ቢሆንም አንድ እግር ብቻ ድንገት ሲያብጥና ሲሞቅ ሱሪ ሰብስቦ ማየት፣ ከስተዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

አጎቴ ሕክምና ላይ ናቸው። የደም ማቅጠኛውን መርፌ ማታ ማታ ሆዳቸው ላይ እኔው እወጋቸዋለሁ። በቀደም ዘጌ ስሄድ ለወጌሻው ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ማንም ሳይነግረኝ?» አለኝ። ጥያቄውን ለእናንተ አስተላልፌያለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር