ፎርክሊፍቱ ሲሸጥ ማኑዋሉ የት ይቀራል?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያለሁ መካኒክ ነኝ፣ የመርካቶ መጋዘኖች ውስጥ ያሉ ፎርክሊፍቶችን (ዕቃ በሹካ የሚያነሱትን ማሽኖች) መጠገን ከጀመርኩ አስራ አራት አመት ሆነኝ። መኪና ያለ ሊብሬ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፎርክሊፍት ግን ያለ ማኑዋል፣ ማለት ያለ ጥገና መጽሐፉ፣ ይገዛል ይሸጣል፣ ያገለገለው ከውጭ ይመጣል፣ ሞተሩ ይነሳል ወይ ጎማው ደህና ነው ወይ ይባላል፣ መጽሐፉስ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

ባለፈው ክረምት አንድ መጋዘን ጠሩኝ፣ ባለ 2.5 ቶን ናፍጣ ነው፣ ፍሬኑ ተረግጦ አልለቅ ብሎ ጎማው ታስሯል። ስፈታው የማስተር ሲሊንደሩ (ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጎሚኒ አብጦ ቁጭ ብሏል፣ ለካ ከኔ በፊት የነካው ልጅ ፍሬን ዘይት ሲጎድልበት ሃይድሮሊክ ዘይት ሞልቶበት ኖሯል። በልጁ አልፈርድም፣ ምክንያቱም ፍሬናቸው እንደ ሃይድሮሊኩ ያለ የማዕድን ዘይት የሚወስድ ፎርክሊፍቶችም አሉ፣ እነሱ ላይ ደግሞ ዶት 3 የሚባለውን የተለመደ ፍሬን ዘይት ብትጨምር ጎሚኒውን የሚያበላሸው እሱ ነው። የሚወስደው ዘይት ክዳኑ ላይ ይጻፋል፣ የዚህኛው ክዳን ግን ጠፍቶ በሌላ ተተክቷል፣ ማኑዋሉ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ናት። ለዛች አንድ መስመር ሲባል ማሽኑ ዘጠኝ ቀን ቆመ፣ ጫኝና አውራጁ ጆንያውን በጀርባው ሲያመላልስ ሰነበተ። ጭነት አንስቶ ሰው መሀል እየሄደ ቢታሰር ኖሮ እያልኩ እስካሁን ያስጨንቀኛል።

ማኑዋሉን ልፈልግ ስል ሌላ ጣጣ ነው። በቴሌግራም ከፍዬ የተላከልኝ ፒዲኤፍ የሾፌሩ መመሪያ ሆኖ ተገኘ፣ እንዴት እንደሚነዳ እንጂ እንዴት እንደሚፈታ የለበትም። ወጣት መካኒኮች ይህን ልብ በሉ፣ የሾፌሩ መመሪያ፣ የጥገናው መጽሐፍና የመለዋወጫው ካታሎግ ሶስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ የሞተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚታተመው። ስትፈልጉም ቶዮታ ነው ብቻ አትበሉ፣ ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው የብረት ሳህን ላይ ሞዴሉንና ሴሪያል ቁጥሩን ቅዱ፣ 8ኤፍዲ25 ካለ 8 ትውልዱ ነው፣ ዲ ናፍጣ፣ 25 ደግሞ 2.5 ቶን፣ የ7ቱ መጽሐፍ ለ8ቱ አይሆንም። ኮማትሱ ላይ ደግሞ ከሰረዙ በኋላ ያለችውን ቁጥር እንዳትዘሏት። ሶማሌ ተራ ዕቃ ለመግዛት ስትሄዱም ይሄው ቁጥር ከብዙ መመላለስ ያድናችኋል።

መጽሐፉ የሚያስፈልገው ለዘይት ብቻ አይደለም። ሹካውን የሚያነሳው ሰንሰለት ማርጀቱ በአይን አይታወቅም፣ በሜትር ለክተህ አንድ ሜትሩ በ3 ሴንቲ ከረዘመ ይቀየራል። ሹካው ተረከዙ ጋ፣ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ውፍረቱ 10 ፐርሰንት ከተበላ፣ ማለት 40 ሚሊ የነበረው 36 ከሆነ፣ የመሸከም አቅሙ በ20 ፐርሰንት ግድም ይወርዳል፣ አይን ግን 4 ሚሊ አያይም። እኔ ይሄን ያወቅኩት ስድስት አመት ከሰራሁ በኋላ ነው፣ ከዛ በፊት ምን ያህሉን ደህና ነው ብዬ እንዳሳለፍኩ ሳስበው ያመኛል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሰሪው ለሰራተኛው ስለ ስራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስረዳ ያዛል፣ መጽሐፉ ሳይኖር ከምን ላይ ነው የሚያስረዳው?

አስመጪዎች እባካችሁ ማሽኑን ስትገዙ የጥገናውን መጽሐፍ ከሻጩ ጠይቁ፣ ገዢዎችም መጽሐፉ ሳይመጣ ቀሪውን ብር አትልቀቁ። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ያለው የሙያ ኮሌጅ ተግባረ ዕድ ደግሞ ስንቱን መካኒክ ያወጣ ቤት ነው፣ ላይብረሪው ውስጥ አንድ መደርደሪያ ለፎርክሊፍት መጽሐፍ ቢሰጥ ሁላችንም እዛው ሄደን እናነባለን። እኔ ያሉኝን ሁለት ኦሪጅናል መጽሐፎች በነጻ አመጣለሁ፣ አንዱ ላይ ግራሶ አለበት ግን ይነበባል።

አንድ መካኒክ፣ ከተክለሃይማኖት