ዝናብ ሲጥል የማይሰማ የልብ ምት፦ ለጤና ጣቢያችን 4 ዶፕለር (የጽንስ ልብ ማዳመጫ) እንግዛ

ሐምሌ ላይ እህቴን ምጥ ይዟት ሌሊት በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የሀዋሳን የክረምት ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አዋላጅ ነርሷ ጥሩምባ የምትመስለውን ፌቶስኮፕ ሆዷ ላይ ደቅና ጆሮዋን ለጠፈች። ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች። «ዝናቡ አላሰማ አለኝ» አለች። እንደገና ጎንበስ። እኛ በር ላይ «ማርያም፣ ማርያም» እንላለን። በአራተኛው የጽንሱን የልብ ምት ሰማችው። ልጁ ዛሬ ሰፈሩን ያምሳል፤ እኔ ግን ያን ዝናብ አልረሳሁትም።

ፌቶስኮፕን መናቄ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒናርድ በፈረንጆቹ 1895 ያወጣው ነው፤ እስከዛሬ ባትሪ አይጠይቅም። ጸጥታ ግን ይፈልጋል።

ማህፀን በጨመደደ ቁጥር ለጽንሱ የሚደርሰው ደም ለጊዜው ይቀንሳል። ጤነኛ ጽንስ ይችለዋል፤ ልቡ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል። ምጡ ለቆ ምቱ ወርዶ ከቆየ ግን ኦክስጅን እያጠረው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምጥ ሲፋፋም በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ እናትየው መግፋት ስትጀምር በየ5 ደቂቃው ይደመጣል። በዚያ ላይ አዋላጇ እጇን ሆድ ላይ አድርጋ በ10 ደቂቃ ምጡ ስንቴ እንደመጣ ትቆጥራለች። ከ5 ካለፈ በዝቷል፤ ልጁ ትንፋሽ መሰብሰቢያ አያገኝም። አንድ አዋላጅ፣ ሦስት ወላድ ሲሆን እናንተው አስሉት።

ዶፕለር በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ጫፉን ጄል ቀብተው ሆድ ላይ ሲያስቀምጡት የጽንሱን ልብ ድምፅ ያወጣዋል፣ የምቱንም ቁጥር ያሳያል። እንደ ጋሪ ፈረስ ኮቴ ነው፤ እናትየውም ትሰማዋለች። ያም ሆኖ አዋላጇ የእናትየውን የእጅ ትርታ አብራ ትይዛለች። ማሽን ሞኝ ነው፣ የእናትን ምት የልጅ ብሎ ሊቆጥር ይችላል።

በእድራችን ስብሰባ «ለምን ትልቁን አንገዛም?» ተብሏል። ሲቲጂ ማለት ነው፤ በሁለት ቀበቶ ሆድ ላይ ታስሮ የልብ ምቱንና ምጡን ጎን ለጎን ወረቀት ላይ የሚያወጣው። ጥሩ ማሽን ነው፣ ግን ቦታው ቀዶ ጥገና ያለበት ሆስፒታል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ጤነኛ ሆና ምጧ በራሱ ለመጣ እናት ያለማቋረጥ በሲቲጂ መከታተልን አይመክርም። ደግሞ ወረቀቱ ያልቃል። አንድ ቦታ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ የቆመ ሲቲጂ በዓይኔ አይቻለሁ።

የምንፈልገው ቻርጅ የሚደረጉ 4 ዶፕለሮችና የአንድ ዓመት ጄል ነው። መብራት በሄደ ሌሊትም ይሠራሉ። ፕሮፎርማው እድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ገብታችሁ እዩት። እሁድ ከስብሰባ በኋላ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይዞ ይቀመጣል። 50 ብርም ብር ነው። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ለገንፎ ከምትይዙት ቅቤ ላይ ቀንሳችሁ አምጡ፣ አራሷ አትቀየማችሁም።

ውጭ አገር ሆናችሁ ዕቃውን ራሱን በሰው እጅ ለመላክ ያሰባችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን በእድሩ በኩል ጠይቁ። ለቤት መጫወቻ የሚሸጡ ርካሽ ዶፕለሮች አሉ፤ እነሱን አንቀበልም።